የዳንግላው ምልክት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃጀር አብዱልሀፊዝ
እንጅባራ

ሰላምታዬን እንደማትፈልጊው ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ብደውልልሽ አታነሺም። በሰው ስልክ ብሞክር ድምፄን ስትሰሚ ዘጋሽው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሱቃችሁ ጨርቅ ሊጭን መርካቶ ለመጣው ወንድምሽ ለመርዋን ሰጥቼዋለሁ። እሱ ቢያንስ ሰው ሲያገኝ "ደህና ነሽ ወይ" ይላል።

ጉዳዬ የምታሠለጥኛት ልጅ፣ እህተማርያም ናት። ባህር ዳር በክልሉ ውድድር ላይ አይቻታለሁ። አንቺም አይተሽኝ ነበር፤ ሻርፕሽን አስተካክለሽ ፊትሽን ወደ አጥሩ አዞርሽ። ያቺ ልጅ መሰናክል ስትዘል ትከሻዋ አይነቃነቅም። ጦር ወርውራ የት እንደወደቀ ሳታይ ነው ዞራ የምትሄደው። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ረጅም ርቀት ካልሮጠ አትሌት አይመስለውም። መሮጡንም መዝለሉንም መወርወሩንም አንድ ላይ የምትችል፣ በሁለት ቀን ሰባት ውድድር ተወዳድራ ቆማ የምትሄድ ልጅ ግን በየቀኑ አትወለድም። እኔ ነበርኩ። አንቺም ልትሆኚ ትችይ ነበር፤ ይህን ስል ላስከፋሽ ፈልጌ አይደለም።

ክለቤ ሊወስዳት ይፈልጋል። ማደሪያ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ሐኪም አለ። ስናነጋግራት ግን "ሃጀር ሂጂ ካላለችኝ አልሄድም" አለች። ስለዚህ ሂጂ በያት። ከኔ ጋር ያለሽን ነገር ከኔ ጋር ጨርሺው።

ውብአየሁ ክንዴ


እንጅባራ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሻምፒዮኗ ለውብአየሁ

ደብዳቤሽን መርዋን እንደ ሰርግ ጥሪ በሁለት እጁ ይዞ ገባ። አሁንም ፎቶሽን መኪናው ውስጥ ለጥፎ ነው የሚነዳው። እኔ በገባሁ ቁጥር እገለብጠዋለሁ፣ እሱ በወጣሁ ቁጥር ይመልሰዋል።

መልሴ አይሆንም ነው።

እህተማርያምን ያገኘኋት ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ላይ ነው። የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ እሷ የተደረደረውን የድንች ጆንያ ከነነጠላዋ ዘልላ ማዶ ቆመች፤ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ሽንኩርት ትመርጥ ጀመር። ቤታቸው በጥርባ በኩል ነው። እናቷ ከአዊኛ በቀር አትናገርም፣ የኔን አዊኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ከገበያ አያልፍም። እሷን ለማሳመን አንድ ክረምት ሙሉ በጭቃ ተመላለስኩ። በመጨረሻ እሺ ስትል አንድ ቃል አስገባችኝ፤ ከዓይንሽ እንዳትርቅ አለችኝ። ክለብሽ ይህን ቃል ያውቃል?

"ልትሆኚ ትችይ ነበር" ብለሽ ጽፈሻል። ማን እንዳልሆን እንዳደረገኝ ግን አልጻፍሽም። ከረሳሽው ላስታውስሽ። ዳንግላ ላይ ከመጀመሪያው ቀን አራት ውድድሮች በኋላ የምመራው እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን ከርዝመት ዝላይ በፊት ሶላት ደረሰና መንደርደሪያዬን ለኪልኝ አልኩሽ። ሁልጊዜ እንደምናደርገው፣ ከመርገጫው ጣውላ ወደ ኋላ፣ ተረከዝሽን ከጣትሽ እያገናኘሽ። ቁጥሩን ነገርኩሽ። የምነሳበትን ምልክት ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ሰግጄ መጣሁ፤ ሦስት ጊዜ ዘለልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጣውላውን አልፌ ረገጥኩና ቀይ ባንዲራ ተነሳብኝ። ምልክቱን ወደ ኋላ ብጎትተውም አልበቃኝም። ከርዝመት ዝላይ ዜሮ ነጥብ ያዝኩ። አንቺ አሸነፍሽና አዲስ አበባ ወሰዱሽ፣ እኔ አባቴ ሱቅ ገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ጨርቅ ስሸጥ ራሴ ነኝ የምለካው፤ ሰው አላስለካም።

ልጄን ላንቺ አልሰጥም።

ሃጀር


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃጀር፣

በነገርሽኝ ቁጥር ለካሁ። አንድ አልጨመርኩም፣ አንድ አልቀነስኩም። ያኔም በእመቤቴ ማልኩልሽ፣ መሐላዬን ጣልሽው። አሁን አልምልም፤ ሰልችቶኛል።

አንቺ የምታስታውሺው ጣውላውን ነው፤ እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያደረግሽኝን ነው። የዚህ ውድድር ወግ ከማንም ይበልጥ ይገባሻል። ሰባተኛው ሲያልቅ፣ ስምንት መቶ ሜትሩን ሮጠን እንደወደቅን፣ መጨረሻ የወጣችው እንኳን ሳትቀር ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ሜዳውን እንዞራለን፣ ለሕዝቡ ጎንበስ እንላለን። ሁለት ቀን ሙሉ አብሮ ለደከመ ሰው የሚገባው ነው። እጄን ዘረጋሁልሽ። እጆችሽን ወደ ኋላ አጣምረሽ ፊቴን አየሽው። ፎቶው እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ሁሉም ተያይዟል፣ በኔና ባንቺ መካከል ክፍት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይቺ እጇን የነሳቻት ማናት?" ይላል፣ እናቴም የጎረቤት ልጅ ናት ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ቋንቋቸውን የማልሰማቸው ሴቶች በሰው አገር ሜዳ ላይ እጄን ይዘው ዞረዋል። ያሸነፉኝም፣ ያሸነፍኳቸውም። የነሳችኝ የሰፈሬ ልጅ ብቻ ናት።

ስለ እህተማርያም ደግሞ፦ ልጄ ትያታለሽ፤ የት ነው የምታሠለጥኛት? ፈረሰኞቹ ለጥር በዓላቸው በሚለማመዱበት ሜዳ ላይ። አሎሎ ብላችሁ የምትወረውሩት የሱቅ ሚዛን ብረት ነው ሲሉ ሰማሁ። እንዲህ እያለች እስከ መቼ? ጉልበት አንዴ ነው የሚሰጠው፤ ካለቀ የሚጨምርልሽ የለም። ልጅቷን ለቂምሽ መያዣ አታድርጊያት።

ውብአየሁ


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብአየሁ፣

ከሚዛኑ ልጀምር። የኔ ብረት ልኩ ትክክል ነው፤ በየጊዜው መጥተው አይተው ማኅተም ያደርጉበታል። የክለብሽን አሎሎ ማን ያየዋል?

ወንድሜ መዋሸት አይችልም፣ ዝም ማለትም አይችልም። በዚህ ጉዞው ክለብሽ በር ላይ በክራንች ስትሄጂ አይቶሻል። አንቺ አላየሽውም። ዘበኛችሁ ሻይ ጋብዞት የሆነውን ሁሉ አጫወተው። ጉልበትሽ ተቀዶ አልዳነም። ከእንግዲህ አትወዳደሪም። አለቆችሽም አንድ ተተኪ ልጅ ካመጣሽ ረዳት አሠልጣኝ ትሆኛለሽ፣ ካላመጣሽ ክፍልሽን ልቀቂ ብለውሻል።

ይህን ለምን አልጻፍሽልኝም? እንዳላዝንልሽ ፈርተሽ ነው? አትፍሪ።

ለልጅቷ ብለሽ መስሎኝ ነበር። "ማደሪያ አለ፣ ሐኪም አለ" ስትዪ ለሰው ልጅ የምታስቢ ሰው ሆነሽ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነስተሽኝ ነበር፤ ምናልባት እያስቀረሁባት ይሆን ብዬ። አሁን በደንብ ተኝቻለሁ። እኔ ቂሜን አስይዤባት ከሆነ አንቺ እንጀራሽን አስይዘሽባታል። ሐኪማችሁም ቢሆን ያንቺን ጉልበት እንዴት እንዳደረገው አየነው።

ለእህተማርያም ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ላንቺ ነው ያለቀሰችው። እሱም አናደደኝ።

ሃጀር


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃጀር፣

እሺ፣ እውነት ነው። በመጨረሻው ውድድሬ መሰናክሉን አልፌ ሳርፍ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ፤ ከሕመሙ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ቀሪዎቹን ሌሎች ሲወዳደሩ ከወንበር ላይ አየሁ። ሲያልቅ ልጆቹ መጥተው ከነፋሻዬ ደግፈው አዞሩኝ። ስለ ክፍሉም ዘበኛው ያወራው ልክ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ፤ ስልክ ለዘጋብኝ ጆሮ ነው የምነግረው? የሻምፒዮን ወሬ ሲሆን ታሪክ ነው፣ የክራንች ወሬ ሲሆን የዘበኛ ሻይ ማጣጫ ነው። ደስ ይበልሽ።

እንጀራዬን አስይዤባት ከሆነ ደግሞ ምን ነውር አለው? እሷም ትበላለች፣ እኔም እበላለሁ። አንቺ ግን ሁለታችንም እንድንራብ ነው የምትፈልጊው።

ልጅቷን ባትሰጪኝም መርዋን ይዞት የመጣው ካርቶን የሷ ነው። አዲስ ስፓይክ ነው፣ በእግሯ ልክ። ልኳን መርዋን በክር ለክቶ አምጥቶልኛል፤ እኔ ነኝ ያስገደድኩት፣ እሱን አትቆጪው። እስካሁን የምትሮጥባት ጫማ የኛዋ ናት ሲለኝ አላመንኩትም። ባንቺ እግር ልክ የተገዛችውን፣ በተራ የምንለብሳትን፣ ለኔ ሰፍታኝ ጫፏ ላይ ጨርቅ የምጠቀጥቅባትን? ጫማ ሰፊው ስንቴ ነው የሰፋት? ልጅቷም እንደኔ ጨርቅ ትጠቀጥቃለች አለኝ። አፍረሽ ማስቀመጥ ሲገባሽ ሰው ታስሮጪባታለሽ።

ስጦታ ነው፣ ምላሽ አልፈልግበትም።

ውብአየሁ


እንጅባራ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብአየሁ፣

ካርቶኑን በመጣበት ልመልሰው ነበር፤ ልጅቷ ቀድማ ከፈተችው። ማታ አቅፋው ተኛች አሉኝ። ተውኩት። ብመልሰው ይሻል ነበር።

ጫማሽን ካጠለቀች ጀምሮ ርዝመት ዝላይዋ ጠፋ። ፋውል የሚባል የማታውቅ ልጅ በዘለለች ቁጥር ጣውላውን ታልፋለች። መጀመሪያ ሜዳው መሰለኝ፤ ፈረሰኞቹ በዓላቸውን አክብረው ሲበተኑ መሬቱን በኮቴ ቆፋፍረውት ሄደዋልና ሰው ጠርቼ አስደለደልኩት። ያው ሆነ። ቀጥሎ ፍጥነቷ ጨምሮ ነው አልኩ፤ ቀስ በዪ ስላት ደግሞ ያለወትሮዋ ትሰናከላለች። መንደርደሪያዋን በወጉ ትለካለች፣ አጠገቧ ቆሜ አብሬያት ቆጥሬአለሁ፣ ቁጥሩ አልተዛነፈም። አሁን ፈራች። ጣውላው ጋ ስትደርስ እግሯ ሲወላገድ አየዋለሁ። ያንን ፍርሃት ከማንም ይበልጥ አውቀዋለሁ፣ ከዓመት ዓመት ሕልሜ ውስጥ ሲመጣብኝ ኖሯል።

የዞኑ ውድድር በየካቲት መጨረሻ ዳንግላ ነው። ያው ሜዳ፣ ያው ጣውላ። አንቺ የነካሽው ነገር ሁሉ ሰውን ጣውላ እንደሚያሳልፍ እዚያ ሜዳ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ላየው ነው። አንድ ሰው አልበቃሽም?

ሃጀር


አዲስ አበባ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃጀር፣

ጫማ መተት አይሠራም። አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ይህን መጻፉ ያሳፍራል።

ቁጥሩን ያገኘችው በየትኛው ጫማ ለክታ ነው? በአሮጌዋ። አሁን ያንኑ ቁጥር የምትቆጥረው በየትኛው ነው? በአዲሱ። አሮጌዋ ባንቺ እግር ልክ ናት፣ ረጅም ናት፣ ጫፏ ጨርቅ ነው። አዲሱ በልጅቷ እግር ልክ ነው፣ አጭር ነው። ተረከዝ ከጣት እያገናኘች ስትለካ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ ተደምሮ ሲመጣ ከአንድ ሰው ቁመት አያንስም። ስለዚህ ምልክቷ ወደ ጣውላው ቀርቧል፣ እሷ ግን በለመደችው እርምጃ ትሮጣለች፣ ታልፈዋለች። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ሜዳውም ምንም አልሆነም። ከጣውላው ጀምረሽ በአሮጌዋ ጫማ አስለኪያትና የምልክቱን ልዩነት በዓይንሽ እዪው። ከዚያ ቦታውን በጨርቅ ሜትር ያዢላት፤ ሱቅሽ ሞልቷል።

እዚህ ለአዲስ ልጆች መጀመሪያ የምንነግራቸው ይህንን ነው። ፍርሃቷ ሥር እንዳይሰድባት ቶሎ አድርጊው። አንድ ጊዜ እንኳን ጥፋቱ ያንቺ ይሁን፣ በኔ አታሳብቢ።

ውብአየሁ


እንጅባራ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብአየሁ፣

ያልሽውን አደረግኩ። ልክ ነበርሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሌላ ነገር ሳትጨምሪ መልሺልኝ። ዳንግላ ላይ መንደርደሪያዬን ስትለኪልኝ እግርሽ ላይ የነበረው የትኛው ጫማ ነው?

ሃጀር


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃጀር፣

መርዋን እስክመልስለት ሊጠብቀኝ ነበር። ሂድና በሌላ ጊዜ ና አልኩት።

አዲስ ጫማ ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት አጎቴ አሸናፊ ከባህር ዳር ይዞልኝ መጣ። በሕይወቴ ጨርቅ ሳልጠቀጥቅበት ያጠለቅኩት የመጀመሪያው ጫማ ነው። ላሳይሽ እየሮጥኩ መጣሁ። አንቺ ውዱእ ልታደርጊ ውኃ ይዘሽ ልትሄጂ ነበር፣ እግሬን ሳታዪ ቁጥሩን ነግረሽኝ ሄድሽ። እኔም ሮጬ ሄጄ ለካሁልሽ። ደስ ብሎኝ ነበር የለካሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔም ብለካ አንቺም ብትለኪ ጫማው አንድ ስለሆነ ልክ ይመጣ ነበር። ቁጥሩን ነው ያሰብኩት፣ ጫማውን አላሰብኩም። እኔም በመጀመሪያው ዝላዬ ጣውላውን አልፌ ነበር፤ ደስታው ያፈጠነኝ መስሎኝ ምልክቴን ብዙ ወደ ኋላ ሳብኩትና ዳንኩ። ባለፈው ያንን ሁሉ ስጽፍልሽ እንኳን አልመጣልኝም። የሰው ልጅ እንዲህ ይደነቁራል?

ስለዚህ መንደርደሪያሽን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ያልሽው ልክ ነበር። በነገርሽኝ ቁጥር ነው የለካሁት፤ እኔም ያልኩት ልክ ነበር። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት በምን ነበር የተጣላነው? ተናድጃለሁ፣ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሌባ ሳትዪኝ ብትጠይቂኝ ኖሮ። ይህንኑ ጥያቄ ሜዳው ላይ ብትጠይቂኝ ጫማዬን አይተሽ ይገባሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም። አባትሽ ሞቶ ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ከበራችሁ መልሰሽኛል።

ልጅቷን ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ክፍሉን በሚመጣው ወር እለቃለሁ። እናቴ ቤት ስገባ በሱቃችሁ በኩል አላልፍም፣ አትጨነቂ።

ውብአየሁ


እንጅባራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብአየሁ፣

ዕቃሽን ጠቅልለሽ ከሆነ ፍቺው።

እህተማርያም ዳንግላ ላይ አሸነፈች። ርዝመት ዝላዩ ሲደርስ ማየት አቅቶኝ ከሰው ኋላ ተቀምጬ ነበር። ነጭ ባንዲራ ተነሳ ሲሉኝ ሰው እየገፋሁ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ስምንት መቶው እንዳለቀ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ። እኔ ስለዚህ ወግ አንድም ቀን ነግሬአት አላውቅም፣ ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። መጨረሻ የወጣችው የአዘና ልጅ አፍራ ዳር ስትቆም ሄዳ ጎትታ አስገባቻት። አጥሩ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ይህን ስጽፍም ተናድጃለሁ። እኔም በማን እንደሆነ አላውቀውም፣ ከራሴ ብጀምር ማለቂያ የለውም።

እናቷ ጋ ሄጄ ነበር። "ከዓይንሽ እንዳትርቅ አላልኩሽም ወይ?" አለችኝ። ሌላ ዓይን አግኝቼላታለሁ አልኳት። "የማንን?" ስትለኝ ስምሽን ጠራሁ። ከአፌ ከወጣ ዘመን ስለሆነው እኔው ደነገጥኩ። አውቃታለሁ አለች፤ የምታሸንፈዋ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፣ ይቅር የሚባል ነገር አልሠራሽም። ይቅር በይኝ የሚለው ደግሞ ከእጄ አልወጣ አለኝ፣ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ከአባቴ ለቅሶ ስለመለስኩሽ ግን አባቴም ቢሆን ይታዘበኛል፤ ይወድሽ ነበር። ስትመጪ ዱዓ እናደርግለታለን፣ አንቺ በራስሽ መንገድ ጸልዪለት።

አሁን የምልሽን ስሚ። መንደርደሪያዋን ራሷ ትለካ፣ በምትዘልበት ጫማ። አንቺም እንዳትለኪላት። ስትፈራ ዝም ትላለች፣ ዝም ስትል አትጩሂባት፤ እኔ ጮኼ አይቼዋለሁ። አማርኛው ሲጠፋት በአዊኛ አናግሪያት፣ አንቺ ከኔ ትሻያለሽ። ሐኪማችሁ ጉልበቷን ከመንካቱ በፊት ለመርዋን ንገሪው። አሮጌዋን ጫማ ከልብሷ ሥር ከትቻታለሁ። ጫፏ ላይ ያለው ጨርቅ ያኔ ከአባቴ ሱቅ ቆርጬ የሰጠሁሽ ነው፤ ልጅቷም ያንኑ ነበር የምትጠቀጥቀው።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ መርዋን ነው። እሷ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዳትወርድ ብያታለሁ። ሄደሽ በሩን አንቺ ክፈቺላት። የከተማ መንገድ ትፈራለች፣ ስታሻግሪያት እጇን ያዢያት። ክራንች ብትይዢም አንድ እጅሽ ባዶ ነው።

ሃጀር